ያሠራ ያብላ

ይህ ጥሪ ለግንበኛው፣ ለፌራዮው፣ ለአናጢውና ለለሳኙ ነው። ባሬላ ለሚሸከመው ረዳት፣ አሸዋ ለምትነፋውና ውኃ ለምታመላልሰው እኅት ነው። ከሳይቱ አጥር ውጭ ሽሮ ለምታበስለው እናት ነው። ከእነርሱ እኩል ደግሞ ለኮንትራክተሩ፣ ለተቆጣጣሪ መሐንዲሱ፣ ቤት ለሚያሠራው ባለንብረትና ለከተማ አስተዳደሩ ነው። ልናገረው የተነሣሁት ጉዳይ ሁላችንም እጃችንን ያስገባንበት ነውና። ጉዳዩ የሕንፃ ሠራተኛው ምሳ ነው።

ስለዚህ ምሳ ብዙ ሲባል እሰማለሁ። «የቀን ሠራተኛ ስለ ጤናው አያስብም፤ ያገኘውን ጎርሶ ይሮጣል፤ የተረፈችውን ብር ለጫትና ለአረቄ ያውላታል» ይባላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሳይት ላይ ውለው ቢያዩ ቃላቸውን ይመልሱ ነበር። ሠራተኛው የሚበላው ነገር ሳህኑ ፊቱ ከመቅረቡ በፊት ተወስኖ ያደረ ነው። ክፍያው መቼ እንደሚለቀቅ፣ የምሳ ዕረፍቱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ በአቅራቢያው ማን ምን እንደሚሸጥ፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ያደረበት ክፍል ማብሰያ ይኑረው አይኑረው ይወስኑበታል። ከእነዚህ አንዱንም እርሱ አልወሰነም። የወሰንነው የምናሠራና የምናስተዳድር ሰዎች ነን።

ከማለዳው እንጀምር። ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከጋሞ ወይም ከወሎ መጥቶ አዲስ አበባ የሚሠራ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያድረው ከአራት ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በተከራያት ክፍል ነው። ክፍሏ ከፍራሽ ሌላ የምታስገባው ነገር የለም፤ አከራዮቹም ከሰል ማቀጣጠል ይከለክላሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ አይበሰልም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ታክሲና አውቶቡስ ተጋፍቶ ሥራ ቦታው ሲደርስ ቁርሱ ሻይ በዳቦ ነው፤ ሲሻል ቦንቦሊኖ ወይም እርጥብ ይጨምራል። በስኳር የጣፈጠችው ሻይ ትንሽ ታቆመዋለች። ረፋዱ ላይ ጉልበቱ መሟሸሽ ይጀምራል፤ ምሳ ግን ገና 6 ሰዓት ተኩል ነው። በመሐሉ ያለው ጊዜ ፖንቴ ላይ ለቆመ ሰው ክፉ ጊዜ ነው። የራበው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል፤ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ለመውደቅ ደግሞ አንድ ቅጽበት ይበቃል። ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት ስንነጋገር የራስ ቁርንና ጫማን እናነሣለን። ቁርስንም ከእነርሱ ጋር አብረን ማንሣት አለብን።

ሰውነቱ የሚጠይቀው ቀላል አይደለም። ቀኑን ሙሉ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ሲሸከም፣ ብሎኬት ሲያወርድና አርማታ ሲገፋ የሚውል ጎልማሳ በቀን ወደ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ ይህ ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ከሚበቃው በሺህ ያህል ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በሥራ ቦታ ያለ መጥፎ አመጋገብ የአገሮችን ምርታማነት እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተናግሯል። ሒሳብ ብቻ ለሚገባው አሠሪ ይህ አኃዝ በቂ ነው። እኔ ግን ከሒሳቡ በፊት ሰውየው ይታየኛል።

ሠራተኛው ምሳ ላይ የሚፈልገው እስከ 11 ሰዓት የሚያቆየው፣ ሆድ የሚይዝ፣ ለኪሱም የሚሆን ነገር ነው። ለዚህ ነው ፓስታ በእንጀራ፣ ድንች ወጥ፣ ተጋቢኖና ሽሮ የሚደጋገሙት። ምርጫው ሞኝነት የለበትም። አተር፣ ሽምብራና ባቄላ ከጤፍ ጋር አንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ አያቶቻችን ይህን ያወቁት በላቦራቶሪ ሳይሆን በእርሻ ላይ ነው። ወፍራም ሽሮ ከቃሪያ ጋር፣ ጠዋት ላይ ደግሞ ትንሽ በሶ ወይም ንፍሮ ያገኘ ሰው በደንብ ይሠራል። ሽሮ መብላቱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሽሮው ሲቀጥን ነው።

ለምን እንደሚቀጥን ላስረዳ፤ የዚህ ጥሪ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ብዙው ሠራተኛ የሚበላው በዱቤ ነው። ከአጥሩ ውጭ ላስቲክ ወጥራ የምታበስለው እናት ደብተር አላት፤ በእያንዳንዱ ስም ሥር የዕለቱን ትጽፋለች። ሒሳቡ የሚዘጋው ደመወዝ ሲወጣ፣ በ15 ቀን ወይም በወር ነው። ደመወዙ የሚወጣው ፎርማኑ ከንዑስ ተቋራጩ ሲቀበል ነው። ንዑስ ተቋራጩ ደግሞ ዋናውን ይጠብቃል፤ ዋናው ተቋራጭ ሥራው ተለክቶ፣ በአማካሪው ተፈርሞ፣ ክፍያው ከአሠሪው እስኪለቀቅ ይጠብቃል። «ፔይመንት አልተለቀቀም» የምትለው ወሬ ከቢሮ ተነሥታ እስከ ምድጃው ትወርዳለች። አንድ ፊርማ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ያቺ እናት እህል በረንዳ ሄዳ የምትገዛበት ብር ታጣለች። ያላት አማራጭ ከሰፈር ቸርቻሪ በዱቤ መውሰድ ነው፤ በዱቤ የሚሰጣት ደግሞ በውድ ነው። ያኔ ሽሮው ይቀጥናል፣ ዘይቱ ያንሳል፣ ሽንኩርቱ ይጠፋል፣ የእንጀራው ጤፍ በሩዝና በበቆሎ ዱቄት ይበረዛል። ሠራተኛው ቅር ቢለው እንኳ ሌላ ቦታ ሄዶ መብላት አይችልም፤ ዕዳው እዚህ ነው፣ ጥሬ ብር በእጁ የለም። የአንድ ሳይት ክፍያ መዘግየቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ሰነድ ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ድስት ያማስል።

ብሩ በመጣ ጊዜም ለሠራተኛው ብቻ አይመጣም። ግማሹ በዚያው ቀን በቴሌብር ወደ አገር ቤት ይሄዳል፤ ለእናት፣ ለታናናሾች ደብተር፣ በበልግና በክረምት መግቢያ ደግሞ ለማዳበሪያ። የሕንፃ ሠራተኛ ከራሱ ጉሮሮ ቀንሶ ሌላ ቤት የሚያበላ ሰው ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱም የፓስታውም ዋጋ ሲወጣ የቀነሰው ለቤተሰብ ከሚልከው ላይ አይደለም፤ ከራሱ ሳህን ላይ ነው። ደመወዝ የወጣ ዕለት ሥጋ ቤት ገብቶ አንድ ጥብስ ቢያዝዝ አትፍረዱበት።

ቦታና ሰዓትም የራሳቸው ፍርድ አላቸው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሡ በየጉራንጉሩ የነበሩ ርካሽ ምግብ ቤቶች አብረው ተነሡ፤ ቦታውን መልሶ የሚገነባው ሠራተኛ ግን እዚያው ነው የሚውለው። በአጭር የምሳ ዕረፍት ሩቅ ሄዶ መመለስ አይቻልም። የኮሪደር ልማቱ ሌሊትም ጭምር ሲሠራ ብዙዎቻችን በፍጥነቱ ተደንቀናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድንጋይ የሚያነጥፈው ልጅ ምን ይበላል ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። በዚያ ሰዓት ክፍት የሆነው ብስኩትና ለስላሳ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ እርሱም ከተገኘ።

ውኃውን አንርሳ። አርማታ የሚጠጣበት በርሜልና ሰው የሚጠጣበት በርሜል በብዙ ሳይት አንድ ነው። ፀሐይ ላይ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ውኃ እንዲጠጣ የሥራ ጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ሰውየው ወይ የበርሜሉን ይጠጣል፣ ወይ ከምሳው ብር ቀንሶ የታሸገ ይገዛል፣ ወይ ተጠምቶ ይውላል። እጅ መታጠቢያውም እንዲሁ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ የሚበላ ነገር ነው፤ በዚያ እጅ እንጀራ መቁረስ ማለት ሲሚንቶውን መቅመስ ማለት ነው። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በተነሣ ጊዜ እጃችሁን ታጠቡ እየተባለ በየመንገዱ ተነገረ። መልካም ምክር ነበር፤ ቧንቧና ሳሙና ለሌለው ሰው ግን ምክር ብቻውን ምን ይረባል?

ጾሙም መታሰብ አለበት። ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሠራተኛ አለ፤ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ የሚሠራ አለ። ሁለቱም እምነታቸውን ከድካማቸው በላይ አድርገው ይዘዋል። ይህን የሚያከብር አሠሪ በረመዳን ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ ያመጣል፤ በጾም ቀን ከባዶ ፓስታ ይልቅ ምስር፣ ክክና ጎመን እንዲሠራ ከምግብ አቅራቢዋ ጋር ይነጋገራል። ወጪው ኢምንት ነው፤ የሚጠይቀው ሰውን ማወቅ ብቻ ነው።

ስለ አብሳዮቹ እናቶች ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። እነርሱ ባይኖሩ የዚህች ከተማ ግንባታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይቆም ነበር። ያለ ቅድመ ክፍያ ያበላሉ፣ ያለ ዋስ ያበድራሉ፣ የታመመውን ሠራተኛ አጥሚት ሠርተው ያስታምማሉ። ምላሻችን ግን ደንብ አስከባሪ መላክ ሆኗል። ላስቲካቸው ይነቀላል፣ ድስታቸው ይወሰዳል፣ ነገ ደግሞ ከጅምር ሕንፃው ጀርባ፣ ቱቦ አጠገብ ተደብቀው ያበስላሉ። ንጽሕና ጎደለ ብለን ያባረርናቸው ሴቶች ይበልጥ ንጽሕና ወደሌለበት ቦታ ነው የሄዱት። ያበላን ሰው ማሳደድ ነውር ነው፤ ይህን ነውር ማቆም ደግሞ በአንድ ደብዳቤ የሚቻል ነገር ነው።

ወገኖቼ፣ አዲስ ነገር እንድናመጣ አልለምንም። ደቦ የጠራ ገበሬ እህሉን ከማሳጨዱ በፊት የሚያስበው ስለ ድግሱ ነው። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ወጡ ተሠርቶ ነው ጎረቤት የሚጠራው። ሰው አሠርቶ ሳያበላ የሰደደ ገበሬ ስሙ በአካባቢው ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣለት የለም። ከተማ ስንገባ ይህን ሕግ ለምን ከደጅ ተውነው? ሶሌታ በሚሞላበት ቀን እኮ ብዙ ባለቤት ዳቦና ለስላሳ ያቀርባል፣ አቅም ያለው በግ ያርዳል። ሕጉ ከልባችን አልጠፋም፤ ከበዓል ቀን ወደ ሥራ ቀን ማምጣት ብቻ ነው የቀረን።

ሌሎችም አድርገውታል። ብራዚል በ1976 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቻቸውን ለሚመግቡ ድርጅቶች የግብር ቅናሽ የሚሰጥ ሕግ አውጥታ እስከ ዛሬ ስትሠራበት ኖራለች። የሕንዷ ቼናይ ከተማ በ2013 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ምግብ ቤቶች ከፍታ ኢድሊ የተባለውን የሩዝ ቁርሳቸውን በአንድ ሩፒ መሸጥ ጀመረች፤ ከተሰለፉት ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 167 በእያንዳንዱ የግንባታ ቦታ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ፣ መታጠቢያና የመመገቢያ ቦታ እንዲኖር ያዛል። አዲስ አበባም ቢሆን ልምዱ አላት፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በየትምህርት ቤቱ ትመግባለች፣ የተስፋ ብርሃን ምገባ ማዕከላትንም ከፍታለች። ለልጁ የሚደርስ ድስት ትምህርት ቤቱን ለሚገነባው አባት የማይደርስበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ሥራው ይኸውና።

ኮንትራክተሮች፣ ደመወዝን በየሳምንቱ ቅዳሜ ክፈሉ። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ክፍያችሁ ቢዘገይ እንኳ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ከብረትና ከሲሚንቶ ዋጋ አስቀድማችሁ ያዙ፤ የብረት ነጋዴው ሊታገሥ ይችላል፣ ሆድ ግን አይታገሥም። ጨረታ ስትገቡ ለመመገቢያ ጥላ፣ ለንጹሕ ውኃ ሮቶና ለእጅ መታጠቢያ ዋጋ አስገቡ። በአንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ጠቅላላ ወጪ ውስጥ ይህ ብር ዐይን የሚገባ አይደለም። ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ለውጭ አገር ባለሙያዎች ወጥ ቤት ተሠርቶ የአገሬው ሠራተኛ ከአጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ማየት ልብ ይሰብራል፤ አጥሩን ወደ ውጭ ግፉት፣ አንድ ጣራ ሥር ይብላ።

አማካሪ መሐንዲሶች፣ የሥራ መጀመሪያ ዝግጅት ሲፈተሽ የብረት ማከማቻውንና የሲሚንቶ መጋዘኑን እንደምታዩት የመመገቢያ ቦታውንም እዩ። ከሌለ አታጽድቁ። ብዕሩ በእጃችሁ ነው። መንግሥት ከሁሉ ትልቁ አሠሪ ስለሆነ ይህን በራሱ የጨረታ ሰነዶች ውስጥ ካስገባ ሌላው ይከተለዋል። ከተማ አስተዳደሩም ለእያንዳንዱ ሳይት ግንባታው እስኪያልቅ የሚቆይ ጊዜያዊ የምግብ መሸጫ ፈቃድ ይስጥ፤ ደንብ አስከባሪው ማሳደዱን ትቶ ውኃና ንጽሕናውን ይቆጣጠር።

አንተም በአያት ወይም በለቡ ሰፈር አንድ ቤት የምታሠራ ወገኔ፣ ራስህን ከዚህ አታውጣ። አምስት ሠራተኛ ያለው ሁሉ አሠሪ ነው። ጠዋት ሥራውን ልታይ ስትመጣ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃና ለቁርስ የሚሆን ቆሎ ይዘህ ና፤ ምሳ የሚበላበት ጥላ ሥራ።

አሁን ወደ ሠራተኛው ልመለስ። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ማንም መጥቶ እስኪያደርግላችሁ አትጠብቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይደነግጋል፤ የሥራ ሰዓታችሁም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ይላል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል፤ ድምፃችሁን ጨምሩበት። እስከዚያው የምሳ ዕቁብ ጀምሩ። ሃያ ሰው ደመወዝ በተቀበለ ቀን የሳምንቱን የምሳ ብር ሰብስቦ ለምታበስልላችሁ እናት አስቀድሞ ቢሰጣት፣ ሽሮውንና ምስሩን በጅምላ ዋጋ ትገዛለች። ድስቱ ይወፍራል፣ ደብተሩ ይዘጋል፣ እናንተም ነገ «ጎመን ይጨመርበት» ለማለት አፍ ይኖራችኋል። ሴት ሠራተኞቹን ከማኅበሩም ከዕቁቡም አታስቀሩ፤ ከእናንተ እኩል እየተሸከሙ ያነሰ የሚከፈላቸው፣ ያነሰም የሚበሉ እነርሱ ናቸው።

አንድ ነገር በወንድምነት ልጨምር። ጫት ረሃብን ያስረሳል እንጂ አያጠፋም፤ ማታ በእራት ፈንታ የሚጠጣ አረቄ የነገውን ጉልበት ይወስዳል። ሻይ ከምግብ ጋር አብሮ ሲጠጣ ሰውነት ከእህሉ ማግኘት ያለበትን ብረት ያስቀርበታል፤ ትንሽ ቆይታችሁ ጠጡ። በምትኩ ቃሪያና ቲማቲም ከምሳ ጋር ብሉ፤ እነርሱ ብረቱን ያግዙታል። በፌስታል ትንሽ በሶ ወይም ቆሎ ይዛችሁ ውጡና ረፋዱ ላይ ቅመሱ።

በዚህ ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ተሰብሰቡ፤ ከወንድም ከሴትም ተወካይ ምረጡ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተወካዮቹ ፎርማኑ ዘንድ ይሂዱና የቅዳሜ ደመወዝ፣ ንጹሕ ውኃና የመመገቢያ ጥላ ይጠይቁ። ፎርማን ሆይ፣ ጥያቄውን ይዘህ ወደ ላይ ውጣ። መሐንዲሱ ሆይ፣ ከጎናቸው ቁም። ኮንትራክተሩ ሆይ፣ መልስህን በዚያው ሳምንት ስጥ።